ቃሪያ ስንግ በበዓለ ሃምሳ

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ወሎ ሰፈር ከአንድ ጋራዥ ጎን በተከራየኋት ጠባብ ቤት ፎቶ ኮፒ አነሳ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች ገብተው ያባዛሁትን ወረቀት አሳዩኝ። ሰው የሚያስነሳውን ሁሉ ቁጭ ብዬ አላነብም፤ ማን አመነኝ? "ለትንሽ ጥያቄ ነው" አሉኝ። ማሽኑን እንኳ ሳላጠፋ ወጣሁ።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ መጋዘን የነበረ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር፣ ሽታው የእርጥብ ጆንያ። አውሮፕላን ሲያርፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ቦሌ ያደገ ሰው የአውሮፕላን ድምፅ ልብ አይልም፤ እኔ ልብ ማለት የጀመርኩት እዚያ ነው። የእኛም ቤት በዚያው መስመር ሥር ነዋ። ድምፁ ባለፈ ቁጥር "አሁን እማዬ ጋ ደረሰ" እላለሁ።

አብራኝ የታሰረችው ከወለጋ የመጣች ነርስ ናት። እኔም ጠባቂዎቹም ሲስተር ነበር የምንላት። ዘመዶቿ ሩቅ ስለሆኑ ጠያቂ የላትም።

እኔም ብሆን ለወራት ስንቅ ተከልክዬ ነበር። ዳቦና ሻይ፣ ዳቦና ሻይ። ድዴ አበጠ። ጠዋት ስነሳ አፌ ብረት ብረት ይለኛል፤ ዳቦ ስገምጥ ደሜ ዳቦው ላይ ይቀራል። የፊት ጥርሴን በምላሴ ስነካው ነቅነቅ አለ። እውነቱን ልናገርና፣ ከምርመራው ይልቅ እሱ አስፈራኝ። እማዬ ሲከፋት "እስቲ ሳቂልኝ" ትለኝ ነበር። በድድ ልስቅላት ነው?

ሲስተር መስኮቱ ሥር አቁማ አየችኝ።

"ያጣሽው አረንጓዴ ነገር ነው። ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ። ድድን ደግፎ የሚያቆመው እነሱ ውስጥ ያለው ነው። ብዙ ሲንተከተክ ደግሞ ይጠፋል።"

"ከየት ላምጣ ታዲያ?"

"እሱን እኔም አላውቅ" ብላ ሳቀች፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። ልማዷ መሰለኝ።

ለፋሲካ ስንቅ ተፈቀደልኝ። መነጋገር ግን የለም። ጠያቂ በር ላይ ስም ይጠራል፣ ሳህን ይገባል፣ ባዶው ይመለሳል። ፍራፍሬም ክልክል ነው። እማዬ ዶሮ ላከች፤ በማግስቱ ጥብስ። የስንት ወር ናፍቆቷን በቅቤ አቁላልታ ነው የላከችው። እኔ ደግሞ ማኘክ አልችልም። ጥብሱ ላይ ጣል ያደረገቻትን አንዲት ጥሬ ቃሪያ ብቻ በላሁ።

"ሥጋውን እንዳለ መልሺው" አለችኝ ሲስተር። "የቃሪያዋን ጭራ ከላይ አድርጊበት። እናት ናት፣ ይገባታል።"

ሁለታችንም ምራቃችንን እየዋጥን መለስነው።

በሚቀጥለው ጊዜ የመጣው ሽሮ ነበር! ከጎኑ ሽንኩርት የተሞላ ቃሪያ ስንግ ተደርድሯል፤ ሎሚ የተጨመቀበት ቲማቲምም አለ።

"ሽሮ? ፋሲካ ገና አሁን አይደል እንዴ? በበዓለ ሃምሳ ማን ይጾማል?" አልኩ።

ሲስተር በሳቅ ፈረሰች። "የተሳልሽ መስሏታል! በእናንተ ጾም እኔ ጴንጤዋ ልስቅ?" ነጠላው ከአፏ ወረደ። ድዷ ከእኔ ብሶ ጠቁሯል፤ የነጠላው ጫፍም ደም ነክቶታል።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስንቁ ያንቺ ነዋ። ብዪ፣ ጥርስሽ ይጽና።" ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

አልተከራከርኳትም። አንዱን ቃሪያ ሰንጥቄ በእንጀራ ጠቀለልኩና ጉርሻ ዘረጋሁላት። ጉርሻ አይመለስም። እጄ ጥቂት አየር ላይ ቆየ።

"አንቺ ተንኮለኛ" አለችና አፏን ከፈተች።

ቁስላችንን እያቃጠለን፣ እንባችን እየወረደ በላን። ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ አይቶን የተጣላን መስሎት ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲያ በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም በገዛ እጁ ቃሪያ አልበላም። ክረምቱ ሳይገባ ድዳችን ጠጠር አለ፤ ጥርሴም ረጋ።

ዛሬ ስለ ድድ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ አነባለሁ። አንቲኦክሲደንት የሚሉት ነገር አለ፤ እንደገባኝ ከሆነ፣ ዝገት ብረትን እንደሚበላ ድድንም የሚበላ አለ፣ ይኼ ደግሞ ይመክተዋል። ቃሪያም ሎሚም ውስጥ አለ። መገናኛ ጉልት ላይ ቃሪያ ተከምሮ ሳይ ሳልገዛ አላልፍም። ቤት ወስጄ አንዱን እሰነጥቃለሁ፤ ግማሹ እጄ ላይ ይቀራል። ሰው እንዴት እዚያ ክፍል ውስጥ የቀረ ነገር ይናፍቀዋል? ይናፍቃል።

የዚያኑ ዓመት ፍልሰታ እንዳለፈ ተፈታሁ፤ ሲስተር ቀረች። እማዬ በሩ ላይ አቅፋኝ ቆይታ "እስቲ ሳቂልኝ" አለች። ሳቅሁላት። ቤት ስንገባ የቀረበው ሽሮ ነበር።

"ስለትሽ እስኪደርስ እኔም ሥጋ አልቀመስኩም" አለችኝ።

ስለት እንዳልነበረብኝ፣ ስለ ድዴ፣ ስለ ሲስተር ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ፣

"ታዲያ አሁን ማን ያጎርሳታል?" አለች።

እሑድ ቃሪያ ስንግ ሠርታ ወደዚያው በር ሄደች። የሲስተርን ስም ከነአባቷ ጠራች። ጠባቂው "ምኗ ነዎት?" ሲላት "እናቷ" አለችው። እስክትፈታ ድረስ በየእሑዱ ሄደችላት።