ጠንቋይዋ፣ እትዬ ዘነቡና ጤና አዳሙ

«እኔ ጠንቋይ ነኝ» አለችኝ ዛሬ አንዲት ፈረንጅ ሃቫና ስትሪት ያለው የሐበሻ ሱቄ ገብታ፤ ነርስ ነኝ እንደማለት ቀለል አድርጋ።

ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ገዝታለች። ክፉ ነገር እንዳይገባባት በሩ ላይ ጤና አዳም ልትሰቅል ነው።

ከኋላዋ የቆሙት የድሮ ደንበኛዬ እትዬ ዘነቡ አማተቡ። «ለጠንቋይ ከሸጥሽ እኔን እርሺኝ!»

«እርስዎስ ጤና አዳሙን ለምን ያዙት እትዬ?»

«ለልጅ ልጄ ነዋ! ቡዳ እንዳይበላት ትራሷ ሥር ላደርግላት።»

ለፈረንጇ ተረጎምኩላት። ደስ አላት። «እሳቸውም ጠንቋይ ናቸው?»

ይህን መተርጎም አላስፈለገም። እትዬ የያዙትን መልሰው አስቀመጡ። ትንሽ አሰቡና እንደገና አነሱት።

ለሁለቱም ሸጥኩ። እትዬ ግን ሳይሰናበቱኝ ወጡ፤ ተመልሰው ይመጡ እንደሆነ እንጃ።

አጥፍቼ ይሆን? ግራ ገብቶኛል። ሱቅ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ሲገጥማችሁ ምን አደረጋችሁ?