ደረቁ ቦርድና የሚነፋው

ሐይቁ ዳር ቦርድ የምታከራየው ሴት ራሷ አንድም ቀን ቦርድ ላይ ቆማ አታውቅም። ውሃ ትፈራለች። ይህን ጉዷን የሚያውቀው ባሏ ብቻ ነበር። ሊያበሽቃት ሲፈልግ፣ «ዱቄት የሚፈራ ዳቦ ጋጋሪ በአንቺ አየሁ» ይላታል። እሷም አትሸነፍም፤ «አንተ ጋግር፣ እኔ ልሽጥ፣ ምን ጎደለብህ?» ትለዋለች። እንዲህ እየተባባሉ ነው ያረጁት። እሱ ይሠራል፣ እሷ ታከራያለች።

ቦርዱ ሰው ቆሞበት፣ ረጅም መቅዘፊያ ይዞ ሐይቁ ላይ የሚንሸራሸርበት ዓይነት ነው። ባልየው ከቤታቸው ጀርባ ባለች ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ ከነጭ ፎም ይቀርጸዋል፣ ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ ያለብሰዋል፣ ሙጫ ያፈስበታል። ሙጫው ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትገዋል። ከዚያ እንደገና ሙጫ፣ እንደገና ፍተጋ፣ መዳፍ ሲያልፍበት ምንም እስከማይዝ ድረስ። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ነው፤ ነፋስ ከገባ እርጥቡ ሙጫ ላይ ቆሻሻ ይለጥፍበታላ። «ኧረ ማስክ አድርግ» ስትለው «ያፍነኛል» ይላል። ያፈነው ሌላ ነገር እንደነበር የታወቀው ኋላ ነው።

ሠርቶ ለጨረሰው ቦርድ ሁሉ ቅጽል ስም ያወጣለት ነበር። አንዷን «ሰነፏ» አላት፤ ካልቆሰቆሷት አትንቀሳቀስም። አንዷ «ቄንጠኛዋ» ናት። ከሁሉም የሚወዳት ግን «አማቴ» የምትባለዋን ነበር፤ ጸጥ ብላ ስትሄድ ቆይታ ድንገት ዞር ትልና ሰውዬውን ውሃ ውስጥ ትዘረግፈዋለች። እውነተኛዋ አማቱ በሕይወት ሳሉ ይህን ሰምተው፣ «እኔ እንኳ አስጠንቅቄ ነው የምጥለው» አሉ ይባላል።

ሳሉ ሲጀምረው ብርድ ነው አለ። በጋው ገብቶ ብርዱ ቢያልፍም ሳሉ አላለፈም። ቀጥሎ ከሐይቁ ወደ ቤት የሚያወጣውን ዳገት ሲወጣ መሃል ላይ መቆም አመጣ። ሲቆም ዞሮ ውሃውን ያያል፤ እይታው ያማረው እየመሰለ። ሚስት ግን ታውቃለች። ስንት ዓመት የኖረበትን ሐይቅ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አግኝቶበት ነው ቆሞ የሚያየው?

ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ አንጠልጥሎ አየው።

«ሥራህ ምንድነው አባባ?»

«ቦርድ እሠራለሁ።»

«የምትፈትገው ነገር አለ?»

«ሌላ ምን ሥራ አለው?»

«እንግዲህ አቧራው ሳንባህን እያደነደነው ነው። ከዛሬ ጀምሮ አቧራ የሚባል ነገር እንዳትደርስበት።»

እሱም እንደ ደህና ተማሪ ራሱን ነቀነቀ፤ ቤት ደርሶ ሻዩን ጠጣና በቀጥታ ወደ ወርክሾፑ ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትየዋ ስለ አንድ ነገር ብቻ ታስብ ጀመር። አዲስ ቦርድ መሥራቱን እንኳ ብታስተወው ያሉት አሉ። እንግዶቹ ከወደቡ ድንጋይ ጋር ያጋጯቸዋል። ደረቅ ቦርድ ደግሞ ከተጋጨ ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀ ይጠገናል፣ ከተጠገነ ይፈተጋል። ደረቅ ቦርድ ባለበት ሁሉ አቧራ አለ ማለት ነው።

አንድ ቀን አንድ ቤተሰብ ትልልቅ ሻንጣ በጀርባው አዝሎ መጣ። ከሻንጣው እንደ ፍራሽ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ዘረጉት፤ በእግር በሚረገጥ ፓምፕ እየተቀያየሩ ነፉት። አይኗ እያየ ጠፍጣፋው ነገር ቦርድ ሆኖ ቁጭ አለ። ከሐይቁ ሲመለሱ ቦርዱ ከድንጋዩ ጋር ሲላተም አየች፤ እንደ ኳስ ነጥሮ ተመለሰ እንጂ ምንም አልሆነም። ሄዳ በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ድርቅ ያለ ነበር።

«ቢቀደድስ?» ብላ ጠየቀች።

«ጎማ በማስቲሽ መለጠፍ ነው። በቃ።»

ባሏ ከመጋዘኑ በር ላይ ሆኖ ያይ ነበር። «ፍራሽ ነው» አለ።

እራት ላይ ነገሩን አነሳችው። «ክረምት ሲገባ እነዚያን ሸጠን በሚነፉት ብንተካቸውስ?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ነፋስ በበዛበት ሐይቅ ላይ ነፋስ የተሞላ ነገር?»

«ሰው እየተጠቀመበት ነው።»

«መሃሉ ይጎብጣል። ነፋስ ሲነሳ እንደ ቅጠል ነው የሚወስደው። ደረቁ ውሃውን ሰንጥቆ ይሄዳል። እግርሽ ሥር ያለውን ታውቂዋለሽ።»

«እኔ ስለ እግሬ ሥር አይደለም የማወራው። ደረትህ ውስጥ ስላለው ነው።»

«ጎሚስታ ልታደርጊኝ ነው እንግዲህ? ቀዳዳ ለጣፊ?»

«የሞተ ቦርድ ሠሪ ከሚኖረኝ በሕይወት ያለ ጎሚስታ ይሻለኛል።»

ሳህኑን ገፍቶ ተነሣ። ወዲያው ከወርክሾፑ የብርጭቆ ወረቀት ድምፅ ተሰማ፤ ሽክ፣ ሽክ፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ደግሞ ሽክ፣ ሽክ።

ሌላ ከተማ የምትኖር ሴት ልጃቸው ይህን በስልክ ስትሰማ፣ «እማዬ ቁልፉን ደብቂበት እንጂ!» አለች። ደበቀችበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሰውዬው ሞኝ ባይሆንም የያዘውን አለቀቀም። እሷ ገበያ ወርዳ ስትመለስ መቀርቀሪያው ተነቅሏል። ገብታ ስታይ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጀርባውን ለቦርድ አስደግፏል። ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ፣ ትከሻው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ከንፈሩ ግን ጠቁሯል። አፉን ይከፍታል፣ ቃል አይወጣም። በእጁ ያለውን ወረቀት ነጥቃ ወረወረችና ጎረቤቱን ሁሉ በጩኸት ሰበሰበችው።

ሆስፒታል ተኛ። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ሲተነፍስ ስታዳምጥ ቆረጠች። ከሐይቁ ማዶ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ ደረቆቹን ቦርዶች ከጠየቃት ቆይቷል። ደወለችለት።

ጭነት መኪናው የመጣው ጠዋት ነው። እያንዳንዷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አስጫነች። ሰነፏ ሄደች፣ ቄንጠኛዋ ሄደች። አማቴ ጋ ስትደርስ እጇ ተያዘባት። አንዷን እንኳ ላስቀርለት ይሆን? ግን ታውቀዋለች። አንዷ ከቀረች ያቺኑ አንዷን ዕድሜ ልኩን ሲፈትጋት ይኖራል፤ ያ ዕድሜ ደግሞ ረጅም አይሆንም። «ጫኑ» አለች። ፊቷን አዙራ ነው ያለችው። የመፈተጊያ ማሽኑንም አብራ ሰጠች።

ከሆስፒታል ሲመለስ የሚነፉት በየሻንጣቸው መጋዘኑ ውስጥ ተደርድረው ነበር። ስንት ቀን ያሰላሰለችው ንግግር ነበራት፤ እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ባዶውን መደርደሪያ ያይ ነበር።

«አማቴም ሄደች?» አለ።

«ሄደች።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ቢጮህ ይሻላት ነበር፤ ለጩኸት መልስ ነበራት። አልጮኸም።

ከዚያ ወዲያ ሆድና ጀርባ ሆኑ። አንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ «ሻይ አለ?»፣ «መድኃኒቴ አልቋል»፣ «ዝናብ ሊመጣ ነው» ከሚሉት በቀር የረባ ቃል አይለዋወጡም። ስለ ዳቦ ጋጋሪውም የሚያነሳ ጠፋ።

በጋው መጣ። የሚነፉት ቦርዶች ገበያቸው ደራ። እናቶች ወደዷቸው፤ ልጅ ሲወድቅባቸው አይጎዱም። ጉልበቱ የሚያስቸግረው ሁሉ ተንበርክኮባቸው ይሄዳል። ሥራው በሰመረ ቁጥር ሴትየዋን የሚያስደስታት መሰላት፤ አላስደሰታትም። ባሏ ከመጋዘኑ ፊት ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ነፋስ የሚያወጣ ቦርድ ሲመጣ ማንም ሳይነግረው የሳሙና ውሃ ይቀባዋል፣ አረፋ የሰራበትን ቦታ ያገኛል፣ መለጠፊያውን ጥጉን አክብቦ ቆርጦ ይለጥፋል። ንጹሕ ሥራ ነው። «እጅህ አይንጠፍ» ብትለው ቀና ብሎ አላያትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከማዶ ድንገት ተነሣ። ሁለት እህትማማቾች ሐይቁ መሃል ነበሩ። ቢቀዝፉ፣ ቢቀዝፉ ቦርዶቹ እንደ ቅጠል ተነድተው ወደ ሸምበቆው ሄዱ። ባሏ ያለው አንድም ሳይቀር ሆነ። ሴትየዋ በሐይቁ ዳር ወዲያ ወዲህ ስትል፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ በሞተር ጀልባው ደርሶ ጎትቶ አመጣቸው። ልጆቹ በብርድ ከመንቀጥቀጥ በቀር ምንም አልሆኑም፤ እንዲያውም እየሳቁ ነው የወረዱት። እሷ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሟል። ያያታል። «አላልኩሽም?» ይላል ብላ ጠበቀች። ምንም ሳይል መልሶ ተቀመጠ። ያን ዝምታ ከሰማችው ስድብ ሁሉ አብልጣ ነው የምታስታውሰው።

በጋው ሲያልቅ መተንፈሱ ባሰበት። ተቀምጦ መተኛት ጀመረ። ሆስፒታሉ ውስጥ የሳንባ ሐኪሟ፣ ገና ወጣት ሴት ናት፣ ሚስትየዋን ወደ ኮሪደሩ ጠርታ አነጋገረቻት።

«እማማ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ሳንባው የተበላሸው ዛሬ አይደለም፤ ብዙ ዓመቱ ነው። አንዴ ከጀመረ በራሱ እየባሰ ነው የሚሄደው።»

«አቧራውን አስቁሜዋለሁኮ። ዕቃውን ሁሉ ሸጬበት፣ ሥራውን አስጥዬው…»

«ያኔ ብዙ የሚለውጠው ነገር አልነበረም።»

«ታዲያ እኔ ያደረግኩት?»

ሐኪሟ የሚያጽናና ቃል ፈለገች። «አልጎዳውም» አለቻት።

አልጎዳውም! ሴትየዋ አውቶቡስ ውስጥ ሆና ይህቺን ቃል ስታመነዥካት መውረጃዋን አለፈች። ወርዳ ግን ወደ ቤት አልሄደችም። በሌላ አውቶቡስ ማዶ ወዳለው እንግዳ ማረፊያ ሄደች፤ ሌላው ቢቀር አማቴን ለምና ልትመልስለት። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት ተቀበላት፣ ይዟትም ገባ። ቦርዶቹ በቁመታቸው ተሰንጥቀው መጠጥ ቤቱ ውስጥ የመደገፊያ ጠረጴዛ ሆነዋል። አማቴ አልተሰነጠቀችም፤ መሃሏ ተበስቶ በብሎን አጥሩ ላይ ተገትራለች፤ በቀይ ቀለም «መኪና ማቆሚያ» ተጽፎባታል።

«አላማረም?» አለ ሰውዬው።

«አምሯል» አለችው። ሌላ ምን ትበል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ።

ብዙ ቀን በሆዷ ይዛው ሰነበተች። ባሏ መስኮቱ አጠገብ በትራስ ተደግፎ፣ የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫው ላይ ሆኖ ሾርባ ስታጎርሰው አንድ ጠዋት አልቻለችም። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገረችው። የማዶውንም አልደበቀችው፣ ከቀይ ቀለሙ ጭምር። እየነገረችው ሾርባው ቀዘቀዘ።

ባልየው፣ «መኪና ማቆሚያ?» አለ።

«መኪና ማቆሚያ።»

«ለማን ነው እሺ ያለችው እሷ፣ ባለመኪናውንም ትገለብጠዋለች።»

ሴትየዋ ማንኪያውን ይዛ አለቀሰች። «ከልክዬ ከልክዬ፣ ደስ የሚልህን ነገር ቀምቼህ፣ ለምንም ሳይሆን…»

እጁን ዘርግቶ አንጓዋን ያዘ። እጁ ቀሎ ነበር። «ተይው አንቺ ሴትዮ። እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን እሸጣቸው ነበር።»

አየችው። «ውሸትህን ነው።»

ትንሽ አሰበና፣ «አዎ» አለ፣ «ውሸቴን ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት፤ ሳሉ አልቆም ብሎ ሰውነቱን ሲያንገላታው ሾርባውን ጥላ ከኋላው ተቀመጠች፣ በደረቷ ደገፈችው። እስኪበርድለት ድረስ እንደዚያው ሆኑ። ከበረደለትም በኋላ ከደረቷ አልተነሣም።

ቀጣዩ በጋ ሳይገባ ሞተ። ብዙ አላሠቃየውም ይላሉ የሰፈሩ ሰዎች፤ እሷ ግን አጠገቡ ስለነበረች እንደዚያ አትልም።

ልጃቸው መጥታ ከእናቷ ጋር ከረመች። ቁም ሣጥኑን አጸዳች፣ የአባቷን ጃኬቶች አጣጥፋ ለሰው ሰጠች። መሄጃዋ ሲደርስ፣ «እማዬ፣ ይሄን መጋዘን ዝጊውና ነይ እኔ ጋ ኑሪ» አለቻት። «ለማን ብለሽ ነው ከእንግዲህ ነፋስ ላይ የምትቆሚው?»

እናት ፓምፑን በእግሯ ረግጣ አንደኛውን ቦርድ እየነፋች ነበር። አላቋረጠችም።

«ከዘጋሁትማ» አለች፣ «ያኔ ለምን ብዬ ሸጥኳቸው?»

ልጅቷ ዝቅ ብላ የቦርዱን ጫፍ ያዘችላት።