ቡድኑ እስኪተርፍ ድረስ

የምደግፈውን ቡድን የምደግፈው ስለሚያሸንፍ አይደለም። አሸናፊ መደገፍማ ማን ያቅተዋል? አሶሳ ውስጥ ካሉት ቡድኖች ትንሹ የእኔ ነው። ጥቂት ነጋዴዎች በሞቅታ መሠረቱት፣ ሞቅታው ሲበርድ ችላ አሉት፤ ሊጉ ውስጥ ከገባ ጀምሮ ከወራጅ ቀጠና ራቅ ብሎ አያውቅም። ሰዎች «ምነው፣ ሌላ ቡድን አጣሽ?» ሲሉኝ «በረኛው ወንድሜ ነው» እላቸው ነበር። ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ ይፈልጋሉ?

ሥራዬ ገበያ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ መሸጥ ነው። ገበያው በደራበት ቅዳሜ ሌላው ሻጭ ደንበኛ ሲሻማ እኔ ሸራዬን ሸፍኜ ሜዳ እሄዳለሁ። ጎረቤቶቼ «ይቺ ሴትዮ ለይቶላታል» ይላሉ፤ ይበሉ። የወንድሜን የመጀመሪያ ጓንት ያገኘሁለትም ከቦንዳ ውስጥ ነው። የበረኛ ጓንት ይሁን የበረዶ አገር ሰው ጓንት አላህ ይወቀው፤ ብቻ ወፍራም ነበር። ልጅ ነበርና ሲያየው ዘሎ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፤ ያን ቀን ጓንቱን እንዳጠለቀ ነው እራቱን የበላው።

ቡድኑን ልንገራችሁ። አጥቂያችን ጎል ፊት ብቻውን ሲደርስ አንድ ሰው ከኋላ የጠራው ይመስል ዞር ይላል። ተከላካዮቻችን ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ጥሩነታቸው ነው የጨረሰን፤ ባላጋራ ሲመጣ መንገድ ይለቁለታል። አሰልጣኙ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ አንድ ሰሞን ተቀያሪውን በረኛ አጥቂ አድርጎ አሰለፈው። እኔም ከዳር ሆኜ «አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?» ብዬ ጮህኩበት። ዞር ብሎ «እስቲ አንቺ ግቢ!» አለኝ። ብገባ ከልጆቹ የምብስ አይመስለኝም።

ነገሩ ግን የችሎታ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ አይበረክቱም። መንገድ በተዘጋበት በዚያ ክፉ ጊዜ ከሌላ ቦታ የመጡት አንድ ባንድ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ የሄደም አልተመለሰ። የቀሩትን ደግሞ ወርቅ ይወስዳቸዋል። እዚህ አገር ጉልበት ያለው ወጣት ደሞዝ ሲዘገይበት መጀመሪያ የሚታየው ጉድጓድ ነው። ልምምድ ላይ አንዱ ይቀራል፤ በሳምንቱ ወርቅ በሚቆፈርበት በመንጌ በኩል አካፋ ይዞ አየሁት የሚል ሰው ይመጣል። የመሐል ተከላካያችን ውድድሩ አጋማሽ ላይ ማልያውን አጥቦ፣ አጣጥፎ፣ ለአሰልጣኙ አስረክቦ ነው የሄደው። ጨዋ ልጅ ነበር።

እኔ ከወርቅ ጋር ጠብ አለኝ። አባታችን በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነበር። ማሽላው አልበቃ ያለ ዓመት «ለጥቂት ጊዜ ነው» ብሎ ወርቅ ፍለጋ ወጣ። ክረምት ነበር። በክረምት ወርቁን ለማጠብ ውሃ እንደ ልብ ነው፤ አፈሩ ግን ይርሳል። ጉድጓዱ ተናደበት። አብረውት የነበሩት ሰዎች ቆፈሩ፣ ቆፈሩ፣ ናዳው ሌላ ሰው ሊጨምር ሲል ተዉት። ምን ያድርጉ? እኛም ሬሳ የሌለው ለቅሶ ተቀመጥን። ወንድሜ ገና ጡት መጣሉ ነበርና አባቱን የሚያውቀው በወሬ ነው። እናታችንም ብዙ አልቆየችም። አዝዬ፣ አብልቼ፣ ገርፌ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አንገቴ ላይ ወርቅ አስሬ አላውቅም፤ ቤቴ ውስጥም ስሙ እንዲነሳ አልወድም።

እና ዘንድሮ፣ ውድድሩ በተጀመረ ሰሞን፣ ይኸው ልጅ ምሳ እየበላን «እታለም፣ ልሄድ ነው» አለኝ።

«ወዴት?»

በአገጩ ወደ መንጌ በኩል ጠቆመኝ። ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ። «የአባትህ አልበቃኝም? የአባትህ አልበቃኝም ወይ!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

እሱ አይጮህም፤ አባቱን ነው የሚመስለው ይላሉ። «እስከ መቼ ጫንቃሽ ላይ ልኑር?» አለኝ። «ደሞዝ እንደሆነ ወሬ ብቻ ነው። እኩዮቼ ቤት ሠሩ፣ ሚስት አገቡ። እኔ ኳስ ስይዝ ላርጅ?» ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብዬ ተረትኩበት። «ከቤተሰብ አንድ የሞተበት ሌላውን አይልክም» አልኩት። እንደምንም ብዬ ለማሳቅም ሞከርኩ። ልቡ ሸፍቷል። ጢም ያበቀለ ወንድ በጩኸት እንደማይያዝ ደግሞ አውቃለሁ።

ያኔ ነው ብልጥ የሆንኩ የመሰለኝ። ልጁ ከእኔ ቀጥሎ የሚወደው ያንን የማይረባ ቡድን ነው። «እሺ፣ ሂድ» አልኩት። «ግን ጓደኞችህን እንዲህ ገደል አፋፍ ላይ ትተህ አትሄድም። ቡድኑ ከመውረድ እስኪተርፍ ድረስ ትቆያለህ።»

«ከወረድንስ?»

«ከወረዳችሁ መልሰህ እስክታወጣው ትቆያለህ። ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አለ። በወላሂ እንደማይቀልድ አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩት። በሆዴ ሳቅኩ። ግማሹ ተጫዋች ከሄደ በኋላ ይህ ቡድን ይተርፋል ማለት አህያ ቀንድ ታበቅላለች ማለት ነው። ወንድሜን እስኪያረጅ አሶሳ ላይ ያሰርኩት መሰለኝ፤ ምሳዬን ጨርሼ በላሁ።

ሜዳ ላይ ሁልጊዜ አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ የሆሞሻ ሰው አለ። የበርታ ብሔረሰብ ነው፤ ማንጎ ነጋዴ፣ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔንም «አንተ» ነው የሚለኝ፣ ለምጄዋለሁ። ስለ ወላሂው ደስ እያለኝ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ኡኽቲ» አለኝ፣ እህቴ ማለቱ ነው፣ «አንተ ልጁን በኳስ አሰርክ። ኳስ ገመድ አይደለም።»

«አቦ ይተዉኝ!» አልኩት። ሽማግሌ ሁሉ የሚናገረው አያጣም።

ከዚያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቡድኑ ማሸነፍ ጀመረ! ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ዓመት ስጸልይ፣ ስጾም፣ ስሳደብ ያልሰማኝ ቡድን፣ እንዲሸነፍልኝ በፈለግኩበት ዓመት ጎበዝ ሆነ። ቡድኑስ ምን አደረገ፣ ወንድሜ ነው። የሚይዘውን ኳስ ይይዛል፤ የማይያዘውንም ይይዛል። ያ ዞር ባዩ አጥቂ ሳይቀር አንድ ሁለቴ አገባ፤ አንደኛዋማ በጀርባው ተመትታ ነው የገባችው። መጀመሪያ ላይ እኔም ልማድ ሆኖብኝ ዘልዬ እጮሃለሁ፤ እልል እላለሁ፤ ሰው አቅፋለሁ። ወደ ቤት ስመለስ ነው ወላሂው ትዝ የሚለኝ። እሱ ቤት ገብቶ «ሦስት ነጥብ፣ እታለም!» ሲለኝ «እሰይ» እለዋለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም ያዘ። የመጨረሻው ጨዋታ በሜዳችን፣ ከባምባሲ ከመጣ ቡድን ጋር ነበር። አቻ ከወጣን እንተርፋለን፤ ከተሸነፍን እንወርዳለን። ከተማው ነቅሎ ወጣ። የባጃጅ ሾፌሮች ሥራ ትተው ጥግ ጥጉን ቆመዋል። በወንድሜ ስም ሲዘፍኑ ሰማሁ። ማንጎ ነጋዴው ከሆሞሻ በጠዋት መጥቶ ቦታ ይዞልኝ ነበር። እኔ እንደ ሌላው ጊዜ አልጮህኩም። «ዛሬ ምን ነካት?» ይሉ ነበር ከኋላዬ።

ባዶ ለባዶ እንደሆኑ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንዱ ጥሩ ልጃችን ኳሷን በእጁ ነካት። ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ሜዳው ተናወጠ፤ ዳኛው ላይ ውሃ በፕላስቲኩ ተወረወረ። በሌላ ጊዜ ቢሆን የዳኛውን ሰባት ቤት አልምርም ነበር። ያን ቀን ግን ወደ ዳኛው ዞር ብዬም አላየሁ። ወንድሜ መስመሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ማልያው በጭቃ ተለውሶ ቀለሙ አይታይም።

ሰው ሁሉ «ያ ረቢ፣ ያዝልን! ማርያምዬ!» ይላል። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያ ረቢ፣ ትግባ አልኩ። እባክህ ትግባ፤ እንውረድ፤ ይሰደብ፤ ያልቅስ፤ ግን ትግባ። አዎ፣ እንደዚያ ብዬ ጸለይኩ። የሚፈርድብኝ ካለ መጀመሪያ ሬሳ የሌለው ለቅሶ ይቀመጥና ይምጣ።

ጩኸቱን ስሰማ እንዳዳናት ገባኝ። ዓይኔን ስገልጥ ኳሷ ከአጥሩ ሥር ናት፤ ወንድሜ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ጓደኞቹ ከላዩ ተከምረውበታል። ከመሐላቸው እንደምንም ወጣና ወደ እኛ በኩል እጁን አነሳ። እኔን ነው የሚፈልገው። ሁሉም ቆሞ ይጨፍራል፤ እኔ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ማንጎ ነጋዴው ብብቴን ይዞ ወደ ላይ ሳበኝ።

«ኡኽቲ፣ ተነስ። አጨብጭብ። ልጁ ያያል።»

ተነሳሁ። አጨበጨብኩ።

ወንድሜን በትከሻቸው አድርገው እስከ ቤታችን በር አመጡት። ሲበተኑ እግሩን ታጠበና አጠገቤ ተቀመጠ። «ተረፈ እኮ፣ እታለም» አለኝ። የሚለው ገብቶኛል።

«የት ተረፈ?» አልኩት። «በአንድ ነጥብ መትረፍ መትረፍ ይባላል? መጪውን ዓመት ማን ይጫወትልሃል? ያ አጥቂ? ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ተከላካይ የላችሁም፤ ነጋዴዎቹም ሊተዉት ነው ይባላል። እውነቴን ነው የምልህ፣ ይህ ቡድን ተስፋ የለውም፤ ያለ አንተ ገና ሲጀመር ነው የሚያልቅለት።» በሕይወቴ ሙሉ ሌላ ሰው ቢለው የምቧጭረውን ሁሉ ስለ ቡድኑ ተናገርኩ። እሱ ሁሉንም ሰማኝ።

«ያልሽው እስኪተርፍ ነው» አለ በመጨረሻ። «ወላሂ አልኩ፤ ጠበቅኩ። ዘንድሮ እንዲያ የተጫወትኩት ለምን ይመስልሻል?»

ቡድኑን ወዶ መስሎኝ ነበር። ከወላሂው ሊወጣ ነው ለካ እንዲያ ይወድቅ ይነሳ የነበረው! «ክረምቱ እንኳን ይለፍ» ብዬ ለመንኩት። «ውሃው ያለው በክረምት ነው» አለኝ፤ አባቴም ይህንኑ ነበር ያለው። ታላቅ እህቱ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ደንግጦ አነሳኝ፤ «አብሽሪ፣ እታለም፣ አብሽሪ» እያለ ፀጉሬን ዳበሰኝ። ሐሳቡን ግን አልቀየረም።

በማግስቱ ጠዋት አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሄደ። ዳቦ ቋጠርኩለት። ገበያ ስደርስ ጎረቤቶቼ ተነስተው እየተሳሳቁ ተቀበሉኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ! ወንድምሽ አኮራን! ቡድኑን አተረፈው!» አሉኝ። አሜን አልኩ። ሰው ደስ ብሎት ሲመርቅ አሜን ነው የሚባለው። ቀኑን ሙሉ አሜን ስል ዋልኩ።

ያለበት ቦታ ስልክ አይሠራም። መልእክት የሚደርሰኝ ከዚያ በሚመጡ ሰዎች ነው፤ «ደህና ነው፣ ቆፍጣና ሆኗል» ይሉኛል። ምን ያህል ጥልቀት ወርደው እንደሚቆፍሩ ስጠይቃቸው ወሬ ይለውጣሉ። ሌሊቱን የዘነበ እንደሆነ ጠዋት ጨርቁን ዘርግቼ ዓይኔ ከመኪና መናኸሪያው መንገድ አይነቀልም።

በቀደም አሰልጣኙ መደቤ ድረስ መጣ። ጃኬት የሚገዛ መስሎ አንስቶ ያያል፤ ይመልሳል። «ክረምቱ ሲወጣ ይመለሳል አይደል?» አለኝ።

«ከአፍህ ይቀበልህ» አልኩት።

«ለመጪው ዓመት በእሱ ነው ተስፋ ያደረግነው። ያለ እሱ ወራጅ ነን እኮ፣ እህቴ።»

«ውረዱ» አልኩት።

ጃኬቱን እንደያዘ ቀረ። «ምን አልሽ?»

«ውረዱ! ከሊጉም ጥፉ፣ ስማችሁም ይጥፋ! ልጁ ብቻ ከዚያ ጉድጓድ ይውጣልኝ።»