ማንም ያልጠጣው ባሕር

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግራውንድ የሚኖሩት ጡረተኛ ጎረቤቴ ውሃ ሲመጣ በፓምፕ ስበው ደጃቸው ላይ የተከሉትን ጎመን ያጠጣሉ። እኔ ጋ ጠብታ አይደርስም፤ ስነግራቸው «መስመሩ ደካማ ነው» ይሉኛል።

አንድ እሁድ እሳቸውን ጋብዤ እኔ ቤት ምሳ እየበላን ቴሌቪዥኑ አሸዋ ላይ የቆሙ መርከቦችን አሳየ። ቦታው መካከለኛው እስያ ነው፤ ድሮ ባሕር ነበር።

«ይህን ሁሉ ውሃ ማን ጠጣው?» አሉ።

«ማንም አልጠጣውም ጋሼ። ወደ ባሕሩ የሚገቡትን ወንዞች ከላይ ለጥጥ እርሻ መስኖ ጠልፈዋቸው፣ ታች የሚደርስ ውሃ ጠፋ።»

«ስግብግቦች» አሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ። ቧንቧውን ቢከፍቱት አየር ብቻ ተነፈሰ።

ቧንቧውን ቀስ ብለው ዘጉትና «ጎመኑ ዛሬ ይቅርበት» ብለው ፓምፑን ሊያጠፉ ወረዱ።