የግራው ማጥፊያ

ሃያ ሁለት ዓመት ከመጋዝ ጋር ኖሮ አሥር ጣቱን ይዞ ወደ ቤት መግባት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰውየው በቺፑድ ፋብሪካው ውስጥ «ጋሼ ሚሊ» ይባላል፤ ለአንዲት ሚሊሜትር ስህተት ከሰው ጋር ስለሚጣላ ነው። ጠዋት ጠዋት ከመስመሩ የሚወጣውን ሰሌዳ ዳር ዳሩን የሚከረክሙትን ሁለት መጋዞች የሚያሠራው እሱ ነው። የግራው ጎን ጎኑን ይቆርጣል፣ የቀኙ ጫፍ ጫፉን። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ቦታ የምትረከበው ሴት ልጁ ናት። ሥራውን ያስተማራት ራሱ ሲሆን፣ በሌለችበት ስለ እሷ አውርቶ አይጠግብም፤ ፊት ለፊቷ ግን አንድም ቀን ጎበዝ ብሏት አያውቅም። እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው ነው።

መጋዝ በሰጋቱራ ሲታፈን አጽዳው ተብሎ እጅ ዝም ብሎ አይገባም። መጀመሪያ ማሽኑ ይቆማል። ከዚያ ግድግዳው ጋ ሄደህ የዚያን መጋዝ ዋና ማጥፊያ ታወርዳለህ፣ የራስህን ጓጉንቸር ታንጠለጥልበታለህ፣ መክፈቻውን ኪስህ ትከታለህ። በመጨረሻም ማስነሻውን ተጭነህ አለመነሳቱን ታረጋግጣለህ። ሚሊ ይህችን የመጨረሻዋን እርምጃ ከተዋት ቆይቷል። ጓጉንቸር ተቆልፎበት የተነሳ መጋዝ አይቶ ስለማያውቅ ትርፍ ድካም መስላው ነው። ለልጁም ሳያስተምራት ቀረ።

ሰኞ ጠዋት የግራው መጋዝ ታፈነ። ሚሊ እንደ ልማዱ አቆመው፣ የግራውን ማጥፊያ አወረደ፣ ቆለፈ። መጥቶ ጎንበስ ሲል ከመጋዙ በላይ ያለችው ቀይ መብራት በርታለች። ተመልሶ አየ። ጓጉንቸሩ ተንጠልጥሏል፣ መክፈቻው ኪሱ ውስጥ ነው። መብራቷ አሁንም እንደበራች ናት። ግራ ገባው። ለመሆኑ ይቺ መብራት ድሮ ትጠፋ ነበር ወይስ አትጠፋም? አሰበ፣ አሰበ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያያትን መብራት ጭራሽ ሊያስታውሳት አልቻለም። ትጠፋ ነበር ሲል አትጠፋም የሚል ይመጣበታል፤ አትጠፋም ሲል ደግሞ ጠፍታ ያያት ይመስለዋል። በመጨረሻ እጁን ሰደደ፣ ጠራረገ፣ አወጣ። ምንም አልሆነም። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ።

ለምን ሰው አልጠየቀም ትሉ ይሆናል። ፈርቶ ነዋ! እናቱ ከማረፋቸው በፊት አራት ዓመት የመርሳት በሽታ ተጫውቶባቸዋል። የጀመራቸው በትንሽ በትንሹ ነበር፤ ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ ወይስ አላጠፋሁትም እያሉ አሥር ጊዜ ይመላለሱ ነበር። በኋላ እሱኑ፣ የበኩር ልጃቸውን፣ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ብለውታል። ባለፈው ወር ደግሞ ሚስቱ መነጽሩን ፍሪጅ ውስጥ አግኝታ ስትስቅበት አብሮ ቢስቅም ሌሊቱን እናቱን እያሰበ ነው ያደረው። አሁን ይኸው መብራቷ መጣች። ለፎርማኑ ቢናገር ነገ ከመጋዙ አንስተው በር ላይ ያስቀምጡታል። ሚስቱ ማታ መፍዘዙን አይታ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አለችው፤ ደክሞኝ ነው ብሎ ሸኛት።

ረቡዕ መጋዙ ለሦስተኛ ጊዜ ታፈነ። ቆልፎ መጣ፣ መብራቷ በርታለች፣ እጁም እንቢ አለው። ራሱን ታዝቦ እዚያው ቆመ። ከዚያ ያቺ የተዋት ነገር ትዝ አለችው። ሰሌዳ የምትደረድረውን ሴትዮ ዞር በይልኝ አላትና ማስነሻውን ተጫነ። መጋዙ ጮኾ ተነሳ። ጓጉንቸሩ እዚያ ማዶ ተቆልፎ ተንጠልጥሎ፣ መጋዙ እዚህ ይዞራል! አጥፍቶት የተደረደረው ሰሌዳ ላይ ዘጭ አለ። አብጃለሁ ማለት ነው አለ በልቡ፤ የቆለፍኩ መስሎኝ ሳልቆልፍ ቀርቼ ነው። ግን ይኸው ተቆልፎ እያየው ነው። ማየቱንም ተጠራጠረ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ጠርቶ አሳየው። ሠራተኛው አልደነገጠም፤ ቅዳሜ ጣራው ስላፈሰሰ ሁለቱን ማጥፊያዎች ነቅለው እንደነበርና ሲመልሷቸው ግራና ቀኙ ሳይቀያየር እንዳልቀረ ነገረው። ማጥፊያዎቹ ላይ ግራና ቀኝ የሚለውን ጽሑፍም ቀለም ቀቢው ደፍኖታል። ፎርማኑም መጥቶ «ኤሌክትሪኩ ይነግርሃል ብዬ ነው» አለ፤ ኤሌክትሪኩም «ፎርማኑ የነገረህ መስሎኝ ነው» አለ። ሚሊ ሦስቱንም ቀን የግራውን መጋዝ ለማጽዳት ብሎ ሲቆልፍ የነበረው የቀኙን ነው። ዞር ቢል የቀኙ መብራት ጠፍታ ያያት ነበር። መች ዞሮ!

ሌላ ሰው ቢሆን ይሳደብ ነበር። እሱ ግን ደስታው ልክ አጣ። አላበደም፣ አልረሳም፣ እንደ እናቱ አልሆነም! የኤሌክትሪኩን ትከሻ ይዞ ሳቀ፣ ፎርማኑንም ሊስመው ምንም አልቀረው። ሳቁ ሳያልቅ ግን ፊቱ ከሰል መሰለ። ሰኞና ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እዚያ መጋዝ ውስጥ እጇን የከተተችው ማን ናት? ማጥፊያዎቹ በቦታቸው ሳይሆኑ መስመሩን የሚያስነሳ እኔን ያየኛል ብሎ ለፎርማኑ ተናገረና ወደ ልብስ መቀየሪያው ሄደ።

ልጁ ሻሿን እያሰረች ነበር። ሁለት እጆቿን ቀማት፣ ገለበጣቸው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ቆጠረ። ምን ሆነህ ነው ስትለው ነገሩን እየተንተባተበ ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው።

«መብራቷን ሰኞ ዕለት አይቻታለሁ፣ አባዬ» አለችው።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንተ ጠዋቱን ሙሉ እዚያ ሠርተህ ምንም አላልክም። አባዬ ዝም ካለ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ እጄን አስገባሁ።»

የፈረቃው ደወል ተደወለ። እጇን አልለቀቀም።