ማንም የማይቆይበት ክፍል

ሚጢጢ የሚሏት የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ነው። ነርስነት ተምራ፣ ጥቁሩን ካባ ለብሳ ፎቶ ከተነሳች በኋላም ስሟ አልተቀየረላትም። በተወለደችበት ከተማ ያለው ሆስፒታል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው አይቀጥርም ነበር። ታላቅ እህቷ ከትልቁ ከተማ ደውላ፣ «እዚህ ክሊኒክ ያልተከፈተበት መንገድ የለም፤ ነይ እኔ ጋ» ስትላት ሻንጣዋን አንጠልጥላ ሄደች።

እህቷ ልብስ ሰፊ፣ የእህቷ ባል መስታወት ቆራጭ ነው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት። ሚጢጢ ሳሎን ውስጥ በስፌት መኪናውና በሶፋው መሀል ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች፤ ጠዋት የእህቷ ባል ሳይነሳ ጠቅልላ ከበሩ ጀርባ ታቆመዋለች።

መጀመሪያ ላይ ሰውየው ይቀልድ ነበር። «ከእንግዲህ ጉንፋን ቢይዘኝ ወረፋ አልጠብቅም፤ ሐኪም ቤቱ እኔ ዘንድ መጥቷል» ይላል። እየቆየ ቀልዱ ቀረ። ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ብቻ ማታ ማታ ጫማውን እያወለቀ «እሺ፣ ዛሬስ?» ይላታል። ያቺ «ዛሬስ» ከስድብ ብሳ ታቆስላት ጀመር።

ደጅ ያልጠናችበት ቦታ አልነበረም። በአንዱ ሆስፒታል ሠራተኛ የምትቀጥረው ሴት ማስረጃዋን ሳትገልጥ፣

«የሥራ ልምድ?» አለቻት።

«አዲስ ተመራቂ ነኝ።»

«እኛ ልምድ ያለው ነው የምንፈልገው።»

«የሚቀጥረኝ ከሌለ ልምዱን ከየት ላምጣው፣ እህቴ?»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት። ጨካኝ አልነበረችም። «እሱን እኔም አላውቅልሽም» አለችና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራች።

በመጨረሻ ገበያው አጠገብ ያለ ክሊኒክ ለሙከራ ወሰዳት። ባለቤቱን ሁሉም «ዶክተር» ይለዋል፤ የት እንደተማረ ግን የሚያውቅ የለም። እህቷ በደስታ እልል አለች፤ ለጋዋኗ ኪስ ሰፋችላት። ሳምንት ሳይሞላ አንዲት እናት ትኩሳት የያዘው ሕፃን ታቅፋ ገባች። ዶክተሩ መርፌ አዘዘ። ሚጢጢ ብልቃጡን አንስታ አየችውና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ዶክተር፣ ይሄ ጊዜው አልፎበታል።»

«መድኃኒት ወተት መሰለሽ እንዴ፣ ባንድ ቀን የሚበላሽ? ውጊው!»

መርፌውን ይዛ ቆመች። ሕፃኑ የናቱን አንገት ልብስ ጨምድዶ ይዟል። መርፌውን ትሪው ላይ አስቀመጠችና ለእናቲቱ፣ «ሌላ ቦታ ውሰጂው፤ አሁኑኑ» አለቻት። ዶክተሩ ጋዋኗን እዚያው አስወልቆ አባረራት።

ቤት ገብታ ስትናገር እህቷ የጀመረችውን ልብስ ከስፌት መኪናው አወጣች። ከዚያ፣ «ለዓለም የምታስቢው አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?» አለቻት።

«እና ልጁን ልግደለው?»

«እኔ ምን አልኩሽ? እኔ ምንም አላልኩም።» የስፌት መኪናውን ፔዳል ረገጠች። ከመርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም፤ መርፌው ባዶውን እየወጋ ይንጣጣል። ሁለቱም አዩት፤ ማንም አላቆመውም።

ከዚያ ወዲህ ሚጢጢ ሥራ መጠየቋን ተወች። ቤት መዋል ግን የባሰ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ፀጉሯን አበጥራ ትወጣና አንዱ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ከአስታማሚዎች ጋር ተቀምጣ ትውላለች። አንዲት ሴት «ማን ታሞብሽ ነው፣ ልጄ?» ስትላት «እህቴ» አለች። ሴትየዋ «አይዞሽ፣ እግዜር ይማርልሽ» ብላ እጇን ስትጨብጣት፣ ውሸቷ አንገበገባት፤ ሆኖም እጇን አላስለቀቀችም። ከመጣች ጀምሮ «አይዞሽ» ያላት ሰው አልነበረም።

እንዲህ ተቀምጣ ሳለ ከፊት ለፊቷ ካለው በር ጩኸት ተሰማ። በሩ ተበርግዶ አንዲት ነርስ ወጣች። ጓንቷን አውልቃ ወለሉ ላይ ወረወረችና «በቃኝ! ከነገ ጀምሮ እንዳትጠብቁኝ!» እያለች መንገዷን ቀጠለች። ተከትላት የወጣችው ሜትሮኗ፣ የነርሶቹ ኃላፊ፣ ወገቧን ይዛ ቆመች፤ ሰው ብትጠራ የሚመጣላት እንደሌለ ታውቃለች።

ሚጢጢ መቼ እንደተነሳች አላወቀችም።

«እኔ ነርስ ነኝ።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። ሥራ የለኝም።» ሳትጠየቅ ጨመረች፤ «ልምድም የለኝም።»

«ልምድ ያላቸውማ ሲሮጡ አየሻቸው» አለች ሜትሮኗ። «ይሄ የቃጠሎ ክፍል ነው። ማንም አይቆይበትም። ማስረጃሽን ይዘሽ ነገ ነይ፤ ለሦስት ወር በኮንትራት እሞክርሻለሁ። መሸሽ ካለብሽ ግን ዛሬውኑ ሽሺ፤ ነገ አታድክሚኝ።»

በማግስቱ የሰጧት ታማሚ ዳቦ ጋጋሪ ናት። የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶ እሳቱ ክንዷንና ጀርባዋን በልቷታል። ፋሻው ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። ሚጢጢ ሜትሮኗ አጠገቧ ቆማ እያየቻት የጨው ውኃ እያፈሰሰች፣ እያራሰች፣ ቀስ በቀስ ታላቅቀው ጀመር። ጋጋሪዋ ትጮኻለች። «እጅሽ ይቆረጥ!» ትላታለች። «ወላድ አይደለሽም? እናት የለሽም?»

ክንዷ ሲያልቅ ሚጢጢ ወደ መታጠቢያው ሮጣ አስታወከች። ቀና ስትል ሜትሮኗ ከኋላዋ ቆማለች።

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም። ጀርባዋ ይቀራል።»

ፊቷን ታጥባ አዲስ ጓንት አጥልቃ ተመለሰች። ጋጋሪዋ አሁን አትሳደብም፤ ትራሷን ነክሳ ታያታለች።

«አንቺም ልትሄጂ ነው አይደል? ሁሉም ይሄዳሉ።»

ሚጢጢ የጨው ውኃውን አነሳች።

«የምሄድበት የለኝም» አለች።

ጋጋሪዋ እየቃተተች ተገላብጣ ጀርባዋን ሰጠቻት።

ሚጢጢ ከዚያ በኋላም አልደነደነችም። አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብታ በሩን ዘግታ የምታለቅስበት ቀን ይበዛ ነበር፤ ሌላ ቦታ ማመልከቷንም አልተወችም። ኮንትራቱ ሲያልቅ ሜትሮኗ አስጠርታ ሌላ አስፈረመቻት። ፈረመች። ደስ ብሏት ይሁን ፈርታ፣ እሷም ለይታ አላወቀችውም።