የለቃሚዋ ጣቶች

ጅማ፣ የነርቭ ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ፣ ከፊት ለፊቴ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። አረንጓዴ ሻርፕ ተከናንበዋል። ካፊያው ቆርቆሮውን በቀስታ ይዳብሳል፤ ዓይናቸው ደግሞ ከካፊያው ጋር ወደ ሩቅ ሄዷል። ቀኝ እጃቸው ግን አያርፍም። የቀሚሳቸውን ጭን እየዳሰሱ፣ የማይታይ ነገር ቆንጠር አድርገው ወደ ጎን ይጥላሉ።

«እዚሁ ጅማ አቅራቢያ፣ የቡ የምትባል ከተማ ሠላሳ ዓመት ቡና ለቅማለች» አለችኝ አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ነጅላ። «የተበላሸውን ፍሬ ሳታይ፣ በጣቷ ነው የምታውቀው።»

ግድግዳው ላይ የአንጎል ሥዕል ተለጥፏል። ተራዬን ስጠብቅ ስንቴ እንዳነበብኩት! ከጆሮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ትዝታ የሚያኖር ክፍል አለ። ከማጅራት ከፍ ብሎ ደግሞ ትንሹ አንጎል አለ፤ እጅ የለመደውን ሥራ የሚጠብቀው እሱ ነው። አንዱ ቤት ሲዘጋ ጎረቤቱ መብራቱን አያጠፋም።

ነርሷ መጥታ ጎንበስ አለች። «እማማ፣ ይቺን ያውቋታል? ማን ናት?»

ነጅላን ለረጅም ጊዜ አዩዋትና ፈገግ አሉ።

«የሰው ልጅ ናት። አላህ ያሳድጋት።»

ነጅላ አርባ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም። «አሚን» አለች ቀስ ብላ፤ እጇንም እናቷ ጭን ላይ አኖረች።

ጣቶቹ ለቀማቸውን አላቋረጡም። የነጅላን አውራ ጣት ዳሰሱ፤ ሌባ ጣቷን አገላበጡ፤ እንዲህ እያሉ እስከ ትንሿ ደረሱ። አንዷንም አልጣሉም።